ከዲሮ ቱሳ እና አመድ የሌለው እሳት

ከዲሮ ቱሳ የኮረንቲ ዕቃ ሲመጣለት መጀመሪያ ስፒናውን ያሸታል። የተቃጠለ ላስቲክ ካልሸተተው ገመዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል እያሳለፈ ከስፒናው እስከ ዕቃው ይወርዳል፤ የሳሳ፣ የተሰበረ፣ አይጥ የቀመሰው ቦታ ካለ ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋል። ቀጥሎ የቆርቆሮ ትሪውን ፊቱ ያስቀምጥና ካቻቢቴውን ያነሣል። ብሎኑን ወደ ግራ ከመፍታቱ በፊት ትንሽ ወደ ቀኝ ያጠብቀዋል፤ ዝገት የያዘው ብሎን እንዲህ ካላሞኙት አንገቱ ይቀነጠሳል። የፈታውን ሁሉ በወጣበት ተራ ትሪው ላይ ይደረድራል። ሲገጥም ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ትሪውን የነካ ሰው፣ እንግዳም ይሁን ሽማግሌ፣ ከዚያ ቤት ተሰድቦ ነው የሚወጣው።

በሃምሳ አንዱ ክረምት፣ ጭላሎ ከነአናቱ ጉም ውስጥ በገባበት ሰሞን፣ ከትሪው አጠገብ የተቀመጠው ዕቃ የኮረንቲ ምድጃ ነበር። እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቀረጸ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። መሃሉ ላይ የሸክላ ጉብ ተተክሏል፤ በጉቡ ዙሪያ የሚግለው ሽቦ እንደ እባብ ተጠምጥሟል። ከፊቱ እጅ እንዳይገባ የሽቦ ከለላ አለው። ማንጠልጠያ ስላለው ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። አሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም።

ከዲሮ ከለላውን አነሣ፤ ጉቡን ነቅሎ አወጣ፤ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ የባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል በሽቦ አያይዞ የሠራውን መሞከሪያ አቀረበ። አንዱን ጫፍ ከሽቦው መነሻ፣ ሌላውን ከመድረሻው አስነካ። አምፖሏ አልበራችም። ጫፉን በጥምጥሙ ላይ እያንሸራተተ ወደ ኋላ መለሰው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አምፖሏ ቦግ አለች። እዚያው ላይ፣ ፀጉር በማያስገባ ክፍተት፣ ሽቦው ተበጥሷል።

"ተበጥሷል" አለ።

"እንደገና?" አለ አቶ ኃይለየሱስ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"እንደገና። ባለፈው ከወዲህ ነበር፣ አሁን ከወዲያ ነው።"

"ታዲያ አንተ ሰው፣ ሠራሁት ስትለኝ አልነበር እንዴ?"

"ሠርቼዋለሁ። የሠራሁት ቦታ ይኸው እንደ ጠበቀ ነው፤ ይዩት። የተበጠሰው ያልሠራሁት ነው።"

አቶ ኃይለየሱስ የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ሥራው ላይ ድምፁ ከፍ አይልም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ከፍ አለ። "እኔ ስለ ሽቦ ልሟገት አልመጣሁም። ልጂቱ ትቀዘቅዝብኛለች!"

ከዲሮ ጉቡን ትሪው ላይ አኖረ። ነገሩን ያውቃል፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት የኃይለየሱስ ሚስት ብርቄ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ብርድ እንዳይገባ የአራስ ቤቱ መስኮት በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከሰል በማንደጃ ገብቶላት ነበር። ሲነጋ በር ሲከፈት እናቲቱን ጎትተው ወደ ነፋስ አወጧትና ነፍስ ዘራች። ሕፃኑን ግን ማንም ሊቀሰቅሰው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ኃይለየሱስ እቤቴ ከሰል አይገባም ብሎ ማለ። ብርቄ ዳግመኛ ስትፀንስ፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያን ይህን ምድጃ ገዛ። ልጂቱ ደግሞ ወሯ ሳይደርስ በሐምሌ ብርድ መጣች። የአሰላ ሐምሌ እንኳን ያለ ወሩ ለተወለደ፣ ለጎረምሳም አይራራም።

የከተማው ሞተር የሚነሣው አመሻሽ ላይ ነው፤ እኩለ ሌሊት ግድም ይቆማል። በእነዚያ ሰዓቶች ምድጃው ክፍሉን ያሞቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እስኪነጋ በጨርቅ በተጠቀለለ የጋለ ድንጋይ ያዘልቁታል። ምድጃው ያልሠራ ቀን ግን ድንጋዩ ብቻውን አይበቃም። የልጂቱ እግር እንደ ጠዋት ብረት ይቀዘቅዛል፤ ለመጥባትም አቅም ታጣለች።

"ዛሬ ሲመሽ ይደርሳል" አለ ከዲሮ።

"ደግሞ ነገ እንዳልመጣ!"

"እሱን አልምልም።"

ከዲሮ የማይምለው ስላልቻለ አይደለም፤ ልማዱ ነው። አባቱ ቱሳ በበቆጂና በአሰላ መካከል ገብስ በፈረስ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ልጁንም ፈረስ ነጋዴ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን ከፈረሱ ይልቅ የእርካቡን ብየዳ የሚመረምር ሆነበት። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ አገሩ ሳይገባ የቀረ አንድ መካኒክ አሰላ ላይ ጋራዥ ከፍቶ ነበር፤ ከዲሮ እዚያ ገባ። መጀመሪያ ጎማ ለጠፈ፤ ቀጥሎ የመኪና ኮረንቲ ተማረ። ያ ጣሊያን ቁጡ ቢሆንም ሥራ አይደብቅም። "ዕቃ አይዋሽም፤ ባለ ዕቃው ይዋሻል" ይል ነበር። ከዲሮ ከፒንሳውና ከካቻቢቴው ጋር ይህንንም ቃል ወረሰ። ጋራዡ ሲዘጋ ገበያው አጠገብ የራሱን ጠባብ ሱቅ ያዘ። ፕሪሙስ፣ የስፌት መኪና፣ ፋኖስ፣ ካውያ፣ ራዲዮ፣ ምን የማይሠራው አለ። ገበያተኛው በኦሮሞኛ ይጠይቀዋል፣ የቢሮው ሰው ባማርኛ፤ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አጭር ነው።

በዚያን ቀን ሽቦውን እንደገና ቀጠለው። እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው በቆርቆሮ ይበይደዋል፤ ሽቦው ሲግል ብየዳው እንደ ቅቤ ቀልጦ ይወርዳል። ከዲሮ ሁለቱን ጫፎች ጥፍር በምታህል የነሐስ ብሎን አጥብቆ አሰራቸው። ሲጨርስ ጉቡን አገላብጦ አየው። ሸክላው ላይ ከላይ በኩል ያልነበረ ስንጥቅ አለ። ከሥር በኩል ግን ንጹሕ ነው። ይህን አየ፤ አሰበበት፤ ለማንም አልነገረም። ምድጃውን ገጠመና ላከው።

በሳምንቱ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

አሁን ከዲሮ ኮረንቲውን ጠረጠረ። ማታ ከሞተሩ የሚሠሩት ወፍጮዎች ሲያቆሙ ሞተሩ ሸክም ይቀልለዋል፤ ያን ጊዜ ኮረንቲው ከልኩ አልፎ ሽቦውን ይበላዋል ብሎ አሰበ። የሞተሩ ጠባቂ ፍሰሐ ዘንድ ሄደ። ፍሰሐ ከነዘይቱ፣ ከነጥቀርሻው፣ ሞተሩን እንደ ወይዘሮ የሚያሞጋግስ ሰው ነው።

"ሞተርህ ያብዳል ወይ?" አለው ከዲሮ።

"ሞተሬን እናቴ ብታማው አልሰማም፣ እንኳን አንተ!"

"ሲመሽ አምፖሎች ከልክ በላይ ይፈካሉ።"

"ያንተ አምፖል ነዋ! የኔ ሞተር ልኩን ነው የሚተፋው። ያ የጣሊያን ምድጃ ነው የኔን ሞተር የሚገድለው። እሱ ሲሰካ የሠፈሩ መብራት ይደበዝዛል፣ ሰው እኔን ይረግማል። ለአንድ ሕፃን ስንል አገሩ ሁሉ ይጨልም?"

"ልጂቱ ትቀዝቅዝ ነው የምትለው?"

ፍሰሐ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "አላልኩም" አለ በመጨረሻ። "ልጂቱ ትሙቅ። ብቻ ሞተሬን አትሳደብ።"

ከዲሮ በአፍ ክርክር አያምንም። ምድጃውን ጠግኖ ወደ ኃይለየሱስ ቤት ከመላኩ በፊት በራሱ ሱቅ ሰካው። ሱቁም የኃይለየሱስም ቤት የሚጠጡት ከአንድ ምሰሶ ነው። ወፍጮዎች ቆሙ፣ አምፖሉ ከልክ በላይ ፈካ፤ ምድጃው ምንም አልሆነም። በማግሥቱም እንደዚያው ሞከረ። ሚስቱ ፋጡ ልጆቿን ይዛ መጥታ ምድጃው ፊት ተቀምጣ እጇን እያሞቀች፣ "አንተ፣ ይህ ነገር መበላሸቱን ይተውና እኛው ጋ ይቅር" አለችው። ከዲሮ ያሰበው ሌላ ነበር። ኮረንቲው ደህና ከሆነ፣ ምድጃውም ሱቁ ውስጥ ደህና ከሆነ፣ የሚያበላሸው ነገር ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

በእነዚያ ሁለት ምሽቶች ልጂቱ ያለ ምድጃ አድራለች። ይህንን ፋጡ ነገረችው፤ እሱ ሳይጠይቃት።

ምድጃውን ራሱ ተሸክሞ ሄደ። ደጃፉ ላይ የተቀበሉት የኃይለየሱስ እናት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። አባታቸው ከሸዋ ከዘመቻው ጋር መጥቶ አሩሲ ላይ የቀረ ሰው ነበር። እሳቸው የተወለዱትም የሸበቱትም አሰላ ነው። አራሷን የሚጠብቁት፣ ገንፎዋን የሚያገነፉት፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ምድጃው የሚቀመጥበትን ቦታ ልይ ብዬ ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምድጃውን ስጠኝና ሂድ።"

"ቦታውን ካላየሁ ምን እንደሚያበላሸው አላውቅም።"

"አራስ ቤት ነው፣ አንተ! ወንድ አይገባም።"

ከዲሮ ወንድ እንደማይገባ ያውቃል። የቀረውንም፣ ያልተነገረውን፣ ያውቃል። ከብረትና ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ዓይኑ አይታመንም፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይማ እንኳን ዓይኑ ጥላውም እንዲያርፍ አይፈለግም። ይህን ቃል ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ ግን ብዙ በር እንደዚህ ነው የተዘጋበት። ቂም አልያዘም። እሱ የሚፈልገው የብልሽቱን ምክንያት ነው።

"እሺ። እዚሁ ቆሜ ልጠይቅዎት። የፈላ ነገር ይጥዱበታል?"

"ምን ቆርጦኝ!"

"ጨርቅ ይደርቅበታል?"

"ልጅ ባለበት ቤት እሳት ላይ ጨርቅ የሚያሰጣ ማን ሞኝ ነው?"

"ውሃ ይነካዋል?"

ወይዘሮ አልጣሽ ተቆጡ። "ስማ ልጄ፣ ኮረንቲና ውሃ እንደማይስማሙ ሕፃንም ያውቃል። እኔ ከዚያ ዕቃ አጠገብ የውሃ ብርጭቆ እንኳ አላስቀርብም! ብርቄ ውሃ ስትጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ነው የማዞራት።"

እየዋሹ እንዳልሆነ ከዲሮ ገባው። ግን ዕቃውም አይዋሽም። በሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ምልክት አለ። የወተት ጠብታ ቢሆን ተቃጥሎ ይጠቁራል፤ የገንፎ ቅቤ ቢሆን ይሸታል። ይህ ጠብ ብሎ የደረቀ ንጹሕ ውሃ ነው። የሚመጣውም ከላይ ነው።

ምድጃውን አስረክቦ እቤቱ ሲገባ ፋጡን ጠራት። አራስ ጥየቃ ሴት ይገባል፤ የእስላም ሚስትም የክርስቲያን ሚስትም ይገባል። አልጣሽ ጎረቤትን ከነቅሏ የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

"ነገ ቅቤ ይዘሽ ብርቄን ጠይቂያት" አላት።

"ልጠይቃት እያሰብኩ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?"

"ሞተሩ ሲነሣ እዚያው ሁኚ። ምድጃውን አትንኪ። ማን እንደሚሰካው፣ ከተሰካ በኋላ ምን እንደሚሆን እዪ። ሲጠጉት፣ ሲያልፉት፣ ሁሉን።"

"ሰላይ ልትልከኝ ነው?"

"ዓይኔን ነው የምልከው። የኔ ዓይን እዚያ ቤት አይገባም።"

ፋጡ ሳቀች። በማግሥቱ ቅቤዋን በቅል አንጠልጥላ ሄደች፤ መሸት ሲል ተመለሰች። ከዲሮ ሱቁን እየዘጋ ነበር። ነጠላዋን ሳታወርድ ጀመረች።

"መብራት እንደ መጣ አልጣሽ ራሳቸው ሰኩት። ቀይ ሆነ። ክፍሉ ሞቀ፣ ደስ አለኝ። ልጂቱን ከእናቷ ብብት አውጥተው ፈቷት፣ ቅቤ ቀቧት። አቤት ማነሷ! የኔ ክንድ ይበልጣታል። ከዚያ አልጣሽ ተነሡ፣ ከመስኮቱ ሥር ማንቆርቆሪያ አነሡ።"

"ማንቆርቆሪያ?"

"ቆይ እንጂ! በእጃቸው መዳፍ እየቀዱ፣ እየጸለዩ፣ አልጋውን ረጩ። በሩን ረጩ። ማዕዘኑን ሁሉ ረጩ። እኔንም ረጩኝ፣ አንገቴ ላይ ገባ፣ ብርዱ! ከዚያ ወደ ምድጃው ዞሩ። እሱንማ ከሁሉ አብልጠው፣ አንዴም አይደል፣ ደጋግመው።"

"ግሎ እያለ?"

"ፍም መስሎ እያለ! ትስስስ አለ። እኔ ደነገጥኩ። አልጣሽ ግን፣ 'አየሽው ሲጮህ? እየወጣ ነው' አሉኝ። አመድ የሌለው እሳት አይታመንም ይላሉ። እንጨት አይበላ፣ ጭስ የለው፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ እሳት ልጄ አጠገብ ሳይባረክ አያድርም ይላሉ።"

ከዲሮ በሱቁ መዝጊያ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጠበል ነው። አልጣሽ አልዋሹም፤ ያ ቤት ውስጥ ጠበልን ውሃ ብሎ የሚቆጥር የለም። የጋለ ሸክላ ቀዝቃዛ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ላይ ያለው ሽቦ ተንጠልጥሎ ይሳሳና አንድ ቀን ይበጠሳል። አንዳንዱ ምሽት ጠብታው ይስታል፤ ስለዚህ ነው አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት የሚቆየው። ሌላም ነገር አሰበ። ኮረንቲው በእርጥቡ እጅ በኩል ወደ አሮጊቲቱ ቢመለስ ኖሮስ?

"አሁን ሂድና 'ጠበሉ ነው ያበላሸው' በላቸው" አለች ፋጡ። "ሽማግሌ ልከን ሬሳህን እንወስዳለን።"

"አልልም።"

"ምን ልትል ነው?"

አላወቀም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከሱቁ የቀረው የሚግል ሽቦ አንድ ጥምጥም ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያዘዘው ሽቦ በክረምቱ ጭቃ ከመኪናው ጋር መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ አልጣሽን ጠበል ይተዉ ማለት ልጂቱን ይተዉ ማለት ነው። እሷን ያዳናት የትኛው እንደሆነ ቢጠየቁ ምድጃው ነው አይሉም።

ብዙ ሳይቆይ ምድጃው ደግሞ ተበጥሶ መጣ፤ የመጨረሻውን ሽቦ በአዲስ ጠመጠመ። የተሰነጠቀውን ጉብ ስንጥቁ ወደ ኋላ እንዲዞር አድርጎ ገጠመ። ቆርቆሮውን በአመድ ወልውሎ ነጫጩን ምልክት አጠፋ። ቀትር ላይ ተሸክሞት ሄደ። ወይዘሮ አልጣሽ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ።

"መጣህ? የሚበላሽ ነገር ይዘህ?"

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጠበሉን ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ይጥዱታል?"

ቀና አሉ። የፋጡን ጉብኝት ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲያገናኙት ፊታቸው ላይ ታየ። "ሚስትህ ቅቤ ብቻ አይደለም ለካ ይዛ የመጣችው።"

"አዎ፤ እኔ ነኝ እዪ ያልኳት። እኔ ስለማልገባ።"

"ጠበል በእሳት አይጣድም። ነውር ነው።"

"ለምን?"

"ለምን ይለኛል! ጠበል ይጠጣል፣ ይረጫል፣ ይጠመቁበታል። አይፈላም፣ አይጠበስም። አንተ የእስላም ልጅ ሥርዓት ልታስተምረኝ ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ። የማውቀው ሽቦ ነው። ሽቦው ሲግል የሚያርፍበት ነገር ሁሉ እዚያው ይጠበሳል።"

አልጣሽ ገብሱን መልቀም አቆሙ። ሰፌዱን ወደ ጎን አኖሩ።

"ትስስ የሚለው..." አሉ።

ከዲሮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ስጠብሰው ኖሬያለሁ በለኛ!" ደረታቸውን መቱ። "አቤት አቤት! የማርያምን ጠበል እንደ ሽንኩርት ሳቁላላ! ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገር?"

"ባለማወቅ ነው ይበሏቸዋ።"

"ዝም በል አንተ! ውሃ ነው ልትለኝ ነበር የመጣኸው።"

"ውሃ አላልኩም።"

"አላልክም፤ ግን አሰብክ።"

"አሰብኩ" አለ ከዲሮ።

አሮጊቲቱ ሳይፈልጉ ሳቅ አመለጣቸው። ቶሎ ብለው ፊታቸውን አከበዱ። "ታዲያ ሳይባረክ ይደር ነው የምትለው?"

"አይደለም። ጠበሉ ይቅደም። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ምድጃው ሳይሰካ፣ ቀዝቅዞ እያለ እንደፈለጉ ይርጩት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፤ እስኪደርቅ ይጠብቁ። እጅዎንም ያድርቁ። ከዚያ ይሰኩት። ከተሰካ በኋላ ምንም አይንካው።"

"እስኪደርቅ ስንት ነው? ውዳሴ ማርያም እስክደግም ይበቃል?"

"ረጅም ነው?"

"ላንተ ረጅም ነው።"

"እንግዲያ ይበቃል።"

"ጨርቁንስ? ጠበል የነካ ጨርቅ የትም አይጣል።"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ።"

"እሱንስ እኔ አውቃለሁ" አሉና ምድጃውን ተቀበሉት።

ከዲሮ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሥራ ያዘ እንጂ ጆሮው መንገድ ላይ ነበር። የኃይለየሱስ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ያውቀዋል፤ ያን ድምፅ ሲጠብቅ ዋለ፣ ሲጠብቅ ሰነበተ። ጫማው አልመጣም። ሲመሽ የሠፈሩ አምፖሎች ደብዘዝ ይላሉ፤ ሰው ፍሰሐን ይረግማል፤ ከዲሮ ግን ያን ጊዜ ምድጃው መሰካቱን ያውቅና ትሪውን ያነሣል። ነሐሴ እንደዚህ አለፈ። በወሩ መሃል አንድ ምሽት ግን አምፖሎቹ በሰዓታቸው አልደበዘዙም ነበር። ከዲሮ ፒንሳውን አስቀምጦ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ደበዘዙ። ለካ የፍልሰታ መፍቻ ነበር፤ አልጣሽ ውዳሴውን አርዝመውት ነው።

መስከረም ሲገባ ሽቦው ከአዲስ አበባ መጣ። ጉብ የሚሆነውም ሸክላ አብሮ ነበር። ከዲሮ አዲሱን ጉብ ጠምጥሞ አዘጋጅቶ መደርደሪያው ላይ አኖረው። የሚጠይቀው ግን አልመጣም፤ አሮጌው አልተበጠሰም።

ልጂቱ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች። በማግሥቱ ወይዘሮ አልጣሽ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገበያውን አቋርጠው መጡ። ሥጋ እንዳልላኩለት አስቀድመው ተናገሩ፤ የክርስቲያን ቢላ የባረከውን እንደማይበላ ያውቃሉ። ድፎ ዳቦና ማር ለፋጡ አስይዘዋል። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ።

"ላሳይህ ነው የመጣሁት። ብቻ ዓይንህን ሰብሰብ አድርግ።"

"ሰብስቤያለሁ።"

"ፊቷን አላሳይህም።"

"አይጠየቅም፣ እማማ።"

የነጠላውን ታችኛ ጫፍ ገለጥ አደረጉት። አንዲት እግር ወጣች፤ የአውራ ጣት ያህል ተረከዝ አላት። አልጣሽ እትፍ እትፍ አሉባት። ከዲሮ እጁን በቡትቶ ጨርቅ ጠረገና በጣቱ ጀርባ ነካት። ገመድ ሲዳብስ እንደሚያደርገው ጣቱን ለአፍታ አቆየ።

"ሙቅ ነች" አለ።

"ሙቅ ነች" አሉ አልጣሽ፤ ነጠላውንም መለሱት።

ከዲሮ ዛሬም ገበያው አጠገብ ነው። አዲሱ ጉብ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ፤ የሚፈልገው ሲመጣ ይሰጠዋል። ይህን ታሪክ ሲጠየቅ ለማውራት አይወድም፤ ሥራ ያስፈታዋል። አንድ ነገር ግን ለሚያነብም ለሚሰማም ይነገርልኝ ብሏል፤ ቃሉም ይኸው ነው፦ "የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁልኝ ስትመጡ ዕቃውን ብቻ አታምጡ። እቤታችሁ ከእሱ ጋር ምን እንደምታደርጉ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን እንደሚነካው፣ ምን እንደሚባልለት ንገሩኝ። የሚያሳፍር መስሏችሁ አትደብቁ፤ የማይረባ መስሏችሁም አትተዉ። እኔ ልገባበት የማልችለው ቤት ካላችሁም፣ ገብታ የምታይልኝን ሴት ላኩ። እለምናችኋለሁ፤ ሽቦ በቀላሉ አይገኝም።"